የኤስኤስዲ ፎርማት ማስተካከያ «ተፈትኗል» ሲባል ምን ተረጋገጠ?

በነሐሴ 2017 ዓ.ም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 የለቀቀው ወርኃዊ አፕዴት ኤስኤስዲ (መረጃን በፍላሽ ሜሞሪ የሚያከማች ዕቃ) ያበላሻል የሚል ወሬ ከጃፓን ተነሥቶ በቀናት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ወሬው ዝርዝር ነበረው፦ ከ60 በመቶ በላይ የሞላ ኤስኤስዲ ላይ በአንድ ጊዜ 50 ጊጋባይት ገደማ ሲጻፍበት ዕቃው ከኮምፒውተሩ ላይ ይጠፋል የሚል። የኤስኤስዲ መቆጣጠሪያ ቺፕ የሚሠራው ፋይሰን ኩባንያ በድምሩ ከ4500 ሰዓት በላይ ፈትሾ፣ ሙከራውን ከ2200 ጊዜ በላይ ደጋግሞ ችግሩን ማየት እንዳልቻለ አስታወቀ። ማይክሮሶፍትም በአፕዴቱና በብልሽቱ መካከል ግንኙነት አላገኘሁም አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተበላሹ ከተባሉት መካከል የተወሰኑት ለገበያ ያልታሰበ፣ ለኢንጂነሮች ሙከራ የተዘጋጀ ፈርምዌር (ዕቃውን ከውስጥ የሚያሠራ ሶፍትዌር) የተጫነባቸው እንደነበሩ ታወቀ።

እንዲህ ያለ ነገር ጎንደር እስኪደርስ ድረስ ዝርዝሩ ሁሉ ይራገፍና «አፕዴት እንዳታደርግ» የሚል ምክር ብቻ ይቀራል። የተራገፈው ዝርዝር ግን የጉዳዩ ፍሬ ነው። ችግሩን አየሁ ያለውም፣ ፈትሼ አጣሁት ያለውም እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የያዙት ዕቃ አንድ አልነበረምና። ይኸው ጥያቄ እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በሆነው በሊኑክስ በኩል ከዚህ በጠበበ መልኩ በየጊዜው ይነሣል። ኤስኤስዲ ፎርማት ሲደረግ ኮምፒውተሩ ደርቆ ይቀራል፣ ለከርነሉ፣ ማለትም ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ዋና ክፍል፣ ማስተካከያ ይጻፋል፣ «ተፈትኗል» ይባላል። በምን ላይ ተፈትኖ? እንዴት?

ፎርማት ስንል የትኛውን?

ፒያሳም ሆነ ማራኪ ባሉ የጥገና ሱቆች ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ፣ ቫይረስ ሲገባው ወይም ፓስዎርዱ ሲጠፋ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ፎርማት ይደረግ ይባላል። በዚህ አነጋገር ፎርማት ማለት ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን ነው። ከጀርባው ግን ሦስት የተለያዩ ሥራዎች አሉ።

ፈጣኑ ፎርማት የፋይሎቹን ማውጫ አዲስ ያደርጋል እንጂ ፋይሎቹን አንድ በአንድ አይነካም። ሙሉው ፎርማት ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ክፍፍሉን (ፓርቲሽኑን) በሙሉ በዜሮ ይሞላል። ሦስተኛው ለዕቃው ራሱ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውና ኤንቪኤምኢ የተባለው ደንብ ኮምፒውተርና ኤስኤስዲ የሚነጋገሩበትን ሥርዓት ሲደነግግ ፎርማት የተባለ ትእዛዝም አካትቷል። ትእዛዙ የኤስኤስዲውን የአድራሻ ክፍል (በአንድ አድራሻ የሚያዘውን መረጃ) መጠን ከ512 ባይት ወደ 4096 ባይት ወይም ወደ ኋላ ሊቀይር ይችላል። ከተፈለገ ደግሞ የተጠቃሚውን መረጃ በሙሉ ያጠፋል፤ ወይም መረጃው የተመሰጠረበትን ቁልፍ ብቻ አጥፍቶ የቀረውን የማይነበብ ያደርገዋል።

በኤስኤስዲ ላይ ነገሩ የሚወሳሰበው ፍላሽ ሜሞሪ በተጻፈበት ቦታ ላይ ደርቦ ስለማይጽፍ ነው። የሚጻፈው በኪሎባይት በሚለካ ገጽ ነው፤ የሚጠፋው ግን ብዙ ገጾችን ባቀፈ፣ ሜጋባይቶች በሚደርስ ብሎክ ነው። ስለዚህ በኤስኤስዲው ውስጥ ያለው ፈርምዌር የትኛው አድራሻ የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ ይይዛል፤ አዲስ የተጻፈውን ሌላ ቦታ አስቀምጦ አሮጌውን ሲመቸው ያጸዳል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ «ይህ ቦታ አያስፈልገኝም» ብሎ የሚያሳውቅበት ትእዛዝ ትሪም ይባላል። በሊኑክስ ኢኤክስቲ4 የተባለው የፋይል ሲስተም (የፋይሎች አደረጃጀት) ሲፈጠር ይኸው ማሳወቂያ ሳይጠየቅ ይላካል። በሌላ አነጋገር ተራ የሚመስለው ፎርማት እንኳ ኤስኤስዲው ላይ ከባድ ሥራ ይቀሰቅሳል።

ስህተቱ የሚፈጠርበት ቦታ

ከርነል ማለት ሜሞሪን፣ ፕሮሰሰርንና የተሰኩ ዕቃዎችን የሚያስተዳድረው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ዋና ክፍል ነው። ድራይቨር ደግሞ ከርነሉ ከአንድ ዓይነት ዕቃ ጋር የሚነጋገርበት የኮድ ክፍል ነው። (ድራይቭ ዕቃው ነው፣ ድራይቨር ኮዱ። በጽሑፍም በወሬም ስለሚምታቱ እዚህ ዕቃውን ኤስኤስዲ ማለት ይሻላል።)

ማንበብና መጻፍ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚደረግ የዕለት ሥራ ነው። ፎርማት ግን መሠረቱን ይቀይራል፤ ስለዚህ የሊኑክስ ድራይቨር ለብቻው ያስተናግደዋል። አዲስ የሚመጡ የንባብና የጽሑፍ ጥያቄዎችን ያግዳል፣ የተጀመሩት እስኪያልቁ ይጠብቃል፣ ትእዛዙን ይልካል፣ መልስ ሲመጣ ኤስኤስዲውን «አሁን መጠንህ ስንት ነው?» ብሎ እንደገና ይጠይቃል፣ መዝገቡን ያስተካክላል፣ ከዚያ እገዳውን ያነሣል።

እገዳው ለምን አስፈለገ? ከርነሉ አሁንም 512 ባይት መስሎት «8 ክፍል ጻፍ» ቢል 4 ኪሎባይት ማለቱ ነው። ወደ 4096 የተቀየረው ኤስኤስዲ ግን 8 ክፍል ሲባል 32 ኪሎባይት ብሎ ይረዳል። አንዱ 4 ያዘጋጃል፣ ሌላው 32 ይጠብቃል። ዕድለኛ ከሆኑ ትእዛዙ በስህተት መልእክት ይመለሳል፤ ካልሆኑ ያልታሰበ መረጃ ያልታሰበ ቦታ ይቀመጣል። በዚህ መንገድ የተበላሸ ፋይል የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ሲከፈት ነው፤ ያኔ ደግሞ ፎርማቱን የሚያስታውሰው የለም።

ሁለተኛው የችግር ምንጭ የመጠበቂያ ጊዜ ነው። የሊኑክስ ኤንቪኤምኢ ድራይቨር ለአስተዳደር ትእዛዞች የሚጠብቀው፣ ሌላ ካልተባለ፣ 60 ሰከንድ ነው። ቁልፍ ብቻ የሚያጠፋው ፎርማት በሰከንዶች ሊያልቅ ይችላል፤ ሜሞሪውን በሙሉ የሚያጸዳው ግን እንደ ዕቃው መጠንና ፍጥነት ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ለሥራው የተዘጋጀው የሊኑክስ መሣሪያ ለፎርማት 10 ደቂቃ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ጊዜው ካለፈ ድራይቨሩ ኤስኤስዲው የሞተ ይመስለውና ትእዛዙን ለመሰረዝ ይሞክራል፤ ካልሆነለት መቆጣጠሪያውን ከሥር ያስነሣዋል። ሥራ ላይ የነበረ ዕቃ እንዲህ ሲቋረጥ በምን ሁኔታ እንደሚገኝ የሚወስነው ፈርምዌሩ ነው።

ሦስተኛው በከርነል ሥራ ዴድሎክ የሚባለው መቆላለፍ ነው። በር ላይ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባሉ የቆሙ ሁለት ሰዎችን ይመስላል፤ ልዩነቱ በኮዱ ውስጥ በመጨረሻ አፍሮ የሚገባ አለመኖሩ ነው። ፎርማቱን የያዘው ሥራ አንድ ቁልፍ (በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ሊይዘው የሚችል የኮድ መቆለፊያ) ይዞ ሁለተኛውን ይጠብቃል፤ ኤስኤስዲውን እንደገና የሚመዘግበው ሥራ ሁለተኛውን ይዞ የመጀመሪያውን ይጠብቃል። ተጠቃሚው የሚያየው የፎርማት ትእዛዝ ሰጥቶ የማይመለስ ጥቁር መስኮት ነው። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ በከርነሉ መዝገብ ላይ ሥራው ከ120 ሰከንድ በላይ እንደታገደ የሚገልጽ መስመር ይመጣል። ፕሮግራሙን በግድ ለመግደል ቢሞከር አይሞትም፤ በሥራዎች ዝርዝር ላይ የማይነካ መሆኑን በሚያሳይ ምልክት ተቀምጦ ይታያል። የሚቀረው የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ነው፤ በፎርማት መካከል መደረግ የሌለበትም ይኸው ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

ከውጭ ሲታይ የከርነል ስህተትና የፈርምዌር ስህተት መልካቸው አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አልጎሊያ የተባለ የፍለጋ አገልግሎት ኩባንያ በሰርቨሮቹ ላይ ፋይሎች መሀላቸው በዜሮ ተተክቶ አገኘ፤ ፍንጮቹ ሁሉ ወደ ሳምሰንግ ኤስኤስዲዎችና ወደ ትሪም አመለከቱ። ክሱ በይፋ ወጣ። የሳምሰንግ ኢንጂነሮች ችግሩን በራሳቸው ቤተ ሙከራ ደግመው ካዩት በኋላ ግን ስህተቱ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ፣ በርካታ ዲስኮች እንደ አንድ ሲሠሩ የትሪም ጥያቄ በሚከፋፈልበት ኮድ ላይ ተገኘ። ማስተካከያውንም እነሱ ላኩ።

ተቃራኒውም አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ኤችፒኢ የተባለው የሰርቨር አምራች የተወሰኑ የሰርቨር ኤስኤስዲዎቹ ልክ 32,768 ሰዓት ሲሠሩ ከነመረጃቸው ከጥቅም ውጭ እንደሚሆኑ አስታወቀ። 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት መሆኑ ነው። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የፈርምዌር ነበር፤ የትኛውም የከርነል ማስተካከያ አያድነውም ነበር።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሰፊ ግራጫ ቦታ አለ። በሊኑክስ ኤንቪኤምኢ ድራይቨር ውስጥ «ይህ ሞዴል ይህን ትእዛዝ እችላለሁ ይላል፣ አትመኑት» የሚል ይዘት ያለው ረጅም የልዩ ሁኔታዎች ዝርዝር ይገኛል። እያንዳንዱ መስመር በፋብሪካ የተበላሸ ነገር በኮድ የተሸፈነበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የከርነሉ ሰዎች እያንዳንዱ ኤስኤስዲ የራሱ የሆነ፣ በሌላ ዕቃ የማይደገም መለያ እንዲኖረው የሚያስገድድ ቁጥጥር ጨመሩ። ደንቡም የሚለው እንዲሁ ነው። ርካሽ ኤስኤስዲ ሁለት አድርገው የሰኩ ሰዎች ግን አንዱ ብቻ ሲታወቅ አዩ፤ አምራቹ ለሁሉም አንድ ቁጥር ገልብጦ ነበርና። ዝርዝሩ ላይ ሞዴል በሞዴል ሲጨመር ከረመ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ለተራ ኮምፒውተሮች ቁጥጥሩ እንዲላላ ተደረገ። ደንብ አክባሪው ኮድ ተሸንፎ የገበያው እውነታ አሸነፈ ማለት ይቻላል፤ በእኔ ግምት ውሳኔው ትክክል ነበር።

ማስተካከያ እንዴት ይፈተናል

ፓች የሚባለው ማስተካከያ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ወደ ተረጋጉት የከርነል እትሞች የሚገባ ማስተካከያ በዙሪያው ካሉት መስመሮች ጋር ከ100 መስመር እንዳይበልጥ ደንብ አለ፤ ቀድሞም ወደ ዋናው ከርነል የገባ መሆን አለበት። አጭርነቱ ፈተናውን አያቀልለውም።

የመጀመሪያው ሥራ ስህተቱን ማየት ነው። ባልተስተካከለው ከርነል ላይ ኤስኤስዲውን ፎርማት አድርጎ መድረቁን ያላየ ሰው፣ በተስተካከለው ላይ አለመድረቁን ቢያይ ያረጋገጠው ነገር የለም፤ ምናልባት የእርሱ ኤስኤስዲ ድሮም አይደርቅም ነበር። ከዚያ በዚያው ከርነል፣ በዚያው ቅንብር ላይ ፓቹን ብቻ ጨምሮ መድገም ይከተላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ወደ አዲስ የከርነል እትም ይዘሉና «ተስተካክሏል» ይላሉ። በሁለቱ እትሞች መካከል ብዙ ሺህ ለውጦች ስለሚኖሩ የትኛው እንዳስተካከለው አይታወቅም።

የመቆላለፍ ስህተት ደግሞ የጊዜ ግጥምጥሞሽ ስለሚፈልግ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ከ20 ሙከራ በአማካይ በ1ዱ የሚከሰት ስህተት እንበል። 20 ጊዜ ተሞክሮ አንዴም ባይታይ፣ ምንም ሳይስተካከል እንዲህ የመሆን ዕድሉ 36 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ወደ 5 በመቶ ለማውረድ 59 ጊዜ ያለ እንከን ማለፍ ያስፈልጋል። «ሦስቴ ሞክሬው ሠርቷል» የሚል ሪፖርት ልብ ያሞቃል እንጂ ክብደት የለውም። ለዚህ ነው በከርነሉ ውስጥ የቁልፍ አያያዝን የሚከታተለውን ሎክዴፕ የተባለ መሣሪያ አብርቶ መሥራት የሚመከረው። ሎክዴፕ መቆላለፉ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ቁልፎቹ በተቃራኒ ቅደም ተከተል መያዛቸውን ካየ አስቀድሞ ይናገራል። ኮምፒውተሩን ስለሚያዘገየው ግን የጊዜ ግጥምጥሞሹን ሊቀይረው ይችላል፤ ስለዚህ ያለ እርሱም መሞከር ግድ ነው።

ዕቃ የሌለው ሰው ከዩ ኢሙ በተባለው ቨርችዋል ማሽን ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ መፍጠር ይችላል። የድራይቨሩን ሎጂክ ለመፈተሽ እጅግ ይጠቅማል፤ ሲበላሽም የሚጠፋው አንድ ፋይል ነው። የማይነግረን ነገር እውነተኛ ፈርምዌር ሲዘገይ፣ ሲዋሽ ወይም ሲሞቅ የሚሆነውን ነው። በእውነተኛ ኤስኤስዲ ላይ ደግሞ ፎርማቱ ማለፉ መጨረሻ አይደለም። ከ512 ወደ 4096 ሄዶ መመለስ፣ ብዙ መረጃ ጽፎ መልሶ በማንበብ በቼክሰም (ከመረጃው በሚሰላ ማረጋገጫ ቁጥር) ማመሳከር፣ ኮምፒውተሩን አስተኝቶ ማንቃት፣ ከጎን ያለ ሌላ ኤስኤስዲ በሥራ ተጠምዶ ሳለ መሞከር አለበት። አንዱን በር ሲያስተካክል ሌላውን የዘጋ ፓች ብርቅ አይደለም።

ይህን ያደረገ ሰው ስሙ «የፈተነው» ተብሎ ከማስተካከያው ጋር በከርነሉ ታሪክ ውስጥ ይመዘገባል። የከርነሉ መመሪያ ግን የዚህን ምልክት ትርጉም በጥንቃቄ ነው የወሰነው፦ ማስተካከያው በሆነ አካባቢ ላይ ተሞክሮ ሠርቷል ማለት ነው፤ በሁሉም ላይ አይልም። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነትም ማስተካከያውን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት በተለየ የሙከራ ክፍል ያስቀምጠዋል፤ ችግሩን ያመለከተው ሰው እንዲያረጋግጥም ይጠይቃል። ለዓመታት በሠራበት አሠራር በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ማረጋገጫ ካልመጣ ማስተካከያው እንደሚወጣ ያስጠነቅቅ ነበር።

መብራት፣ ኢንተርኔት፣ ያገለገለ ላፕቶፕ

5 የሥራ ቀን ጎንደር ላይ ሲሰላ አጭር ነው። የከርነሉ ኮድ ተጨምቆ 150 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ከሙሉ ታሪኩ ጋር ከተወረደ ጊጋባይቶች ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በቆየበት ወቅት ደግሞ ስለ 5 ቀን ማውራት ራሱ ትርጉም አልነበረውም። በዚያ ወቅት የተከማቸው ያልተደረገ አፕዴት፣ የፈርምዌሩንም ጨምሮ፣ በብዙ ኮምፒውተር ላይ ዛሬም እንዳለ መገመት አይከብድም።

መብራት የበለጠ ያሳስባል። በኤንቪኤምኢ ደንብ ሳኒታይዝ የሚባል ሌላ የማጽጃ ትእዛዝ አለ፤ አንዴ ከተጀመረ አይሰረዝም፣ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስም ካቆመበት ይቀጥላል። የፎርማት ትእዛዝ እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም። ዴስክቶፕ ላይ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) በሌለበት፣ ረጅም ፎርማት መጀመር በራሱ አደጋ ነው፤ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕም ከዴስክቶፕ አይሻልም። በፎርማት መካከል መብራት ሄዶ ኤስኤስዲው አልነበብ ሲል ጥፋቱ በድራይቨሩ ላይ ሊላከክ ይችላል። ፈታኙም ይህን ካልለየ ሪፖርቱ የከርነል ሰዎችን በከንቱ ያደክማል።

ከሁሉም በላይ ግን የዕቃው ዓይነት ነው። ፋብሪካውና ኩባንያዎቹ የሚፈትኑት በታወቁ ሞዴሎችና በአዳዲስ ፈርምዌሮች ላይ ነው። እዚህ ገበያ ላይ ብዙው ላፕቶፕ ከውጭ አገልግሎ የመጣ ነው፤ ውስጡ ያለው ኤስኤስዲ ወይ ከነዕድሜው የመጣ ነው፣ ወይ ስሙ ባልታወቀ ርካሽ ዕቃ ተተክቷል። አንድ ዓይነት ስም የተለጠፈባቸው ሁለት ኤስኤስዲዎች ውስጣቸው የተለያየ መቆጣጠሪያና ፍላሽ የሚሆኑበት ጊዜም አለ። «ተፈትኗል» የተባለው ማስተካከያ ለእነዚህ ምንም ማለት ላይሆን ይችላል።

የሚጠፋው መረጃ

ፎርማት የሚደረገው ዕቃውን ለማደስ ብቻ ቢሆን ነገሩ የቴክኒሻኖች ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን መሥሪያ ቤት ያገለገለ ኮምፒውተር በጨረታ ሲሸጥ፣ ክሊኒክ የታካሚ መዝገብ የያዘ ላፕቶፕ ሲቀይር ማጥፋቱ የሚመካው በዚሁ ትእዛዝ ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ተቋም መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ ጥሎበታል፤ ግዴታው ኮምፒውተሩ ከግቢ ሲወጣ አያበቃም።

እ.ኤ.አ. በ2011 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች የማጽጃ ትእዛዝ እንቀበላለን ያሉ 8 ኤስኤስዲዎችን ፈትሸው በአግባቡ መፈጸማቸው የተረጋገጠው 4 ብቻ መሆናቸውን አገኙ። ከቀሩት አንዱ «ጨርሻለሁ» ብሎ መልሶ መረጃው ግን እንዳለ ተቀምጦ ነበር። ዕቃዎቹ ከኤንቪኤምኢ በፊት የነበሩ ናቸው፤ ዛሬ ያለው የተሻለ ነው ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። ቢሆንም ትእዛዙ ሄዶ «ተሳክቷል» የሚል መልስ መምጣቱና መረጃው መጥፋቱ ሁለት ነገር እንደሆኑ ያሳያል። የድራይቨር ማስተካከያ የሚያረጋግጠው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ማን ይፈትን?

ፈተናው የአምራቾችና የትላልቅ ኩባንያዎች ሥራ ነው የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ክብደት አለው፦ የከርነል ፓች መሞከር መረጃ ሊያሳጣ ይችላል፣ ጊዜ ይበላል፣ ከፋይም የለውም። ሌሎች ደግሞ ተጠቃሚው ካልፈተነ የእርሱ ዕቃ ከሒሳብ ውጭ ይሆናል ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ጥያቄው ማን ላይ ነው የሚለው ነው። ደንበኛ የሚጠብቀው የጥገና ሱቅ ባለቤት ፓች ይሞክር ማለት አይመስለኝም። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ያሉበት ዩኒቨርሲቲ ግን ሌላ ነው። የተጣሉና የተቀየሩ ኤስኤስዲዎችን ሰብስቦ፣ ውስጣቸው ምንም የሚፈለግ መረጃ አለመኖሩን አረጋግጦ፣ አንድ ዴስክቶፕ ከዩፒኤስ ጋር ለዚህ መመደብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። 59 ጊዜ ማጽዳትም በአንድ የተለመደ ኤስኤስዲ ዕድሜ ላይ የሚያስከትለው ድካም ጥቂት ነው።

የሚላከው ሪፖርት ረጅም መሆን አያስፈልገውም። የኤስኤስዲው ሞዴልና የፈርምዌሩ ቁጥር፣ የመቆጣጠሪያው መለያ፣ የከርነሉ እትም ከፓቹ በፊትና በኋላ፣ የተሰጠው ትእዛዝ እንዳለ፣ ስንት ጊዜ ተሞክሮ ስንት ጊዜ እንደደረቀ፣ የከርነሉ መዝገብ ሳይቆረጥ፣ በሙከራው መካከል መብራት ሄዶ ከሆነም ይኸው ይጻፍበታል። በድራይቨሩ የልዩ ሁኔታዎች ዝርዝር ላይ አዲስ መስመር የሚጨመረው እንዲህ ያለ መረጃ የደረሰለት ሞዴል ሲኖር ነው፤ ማንም ያላመለከተበት ርካሽ ኤስኤስዲ በሚቀጥለው እትምም እንደ ደንቡ እንደሚሠራ ተቆጥሮ ይስተናገዳል።